ከሣጥን ያልወጡ ድምፆች፦ ለገበያ ያልቀረቡ የካሴት ቅጂዎች ለምን ይፈለጋሉ? እንዴትስ ይጠበቃሉ?

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፦ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማ ሁለት ዓይነት ቅርስ አለ። አንደኛው በይፋ የሚታወቅና ጠባቂ ያለው ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አሥተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እየተመናመኑ የመጡ ሀገር በቀል ዕፅዋትን ሰብስቦ ያቆያል። ሁለተኛው ቅርስ ጠባቂ የለውም። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት መንደሮች በቁም ሣጥን ጥግ፣ በአልጋ ሥርና በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ የተረሱ ካሴቶች ናቸው።

ከእነዚህ ካሴቶች አብዛኞቹ በዘመናቸው ከሙዚቃ ቤት የተገዙ በመሆናቸው መንትያቸው ሌላ ቤት ይገኝ ይሆናል። ጥቂቶቹ ግን ብቸኛ ናቸው። የሠርግ ቤት አዝማሪ፣ የአያት ቀረርቶ፣ በገና ደርዳሪ አባት፣ ስቱዲዮ የሚከፍሉት አጥተው በቤት ቴፕ የዘፈኑ የሠፈር ወጣቶች የተቀዱባቸው ናቸው። ለገበያ ስላልቀረቡ የትም አይገዙም፤ ያ አንድ ካሴት ከተበላሸ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። በጉለሌ ያለው ሁኔታ በደብረ ማርቆስ፣ በወልዲያ፣ በገጠር ቀበሌዎችም ያው ነው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ዛሬ በጥብቅ ይፈለጋሉ። በተለይ እ.አ.አ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ከታዋቂ ኩባንያዎች ውጭ ይሠሩ የነበሩ የሂፕ ሆፕ ቡድኖች ያልታተሙ ካሴቶች በሰብሳቢዎችና በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ እንደ ብርቅ ዘር ይቆጠራሉ። የእነዚህ ቅጂዎች ታሪክ ለእኛ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ድምፅን ከጥፋት የሚያተርፈው ብዙ ጊዜ ካሴቱን ያልጣለና በላዩ ላይ ስም የጻፈ ተራ ሰው ነው።

ሂፕ ሆፕና ካሴት ምን አገናኛቸው?

ሂፕ ሆፕ በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው አካባቢ፣ ድህነት ባጠቃቸው ሠፈሮች የተወለደ የሙዚቃ ሥልት ነው። ልደቱ በብዙዎች ዘንድ የሚቆጠረው እ.አ.አ ከኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። በዚያ ምሽት ከጃማይካ የመጣው ወጣት ዲጄ ኩል ኸርክ እኅቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ የሸክላዎችን የከበሮ ክፍል እየደጋገመ በማጫወት ታዳሚውን አስጨፈረ። ቀስ በቀስ በዚያ ምት ላይ ግጥም ደርድሮ መናገር ተጨመረበት፤ ይህም ራፕ ተባለ።

ይህ አካሄድ ለእኛ አድማጭ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ተቀዱ ለማለት ባያስደፍርም፣ የሀገራችን ሸላይና ፎካሪ፣ በድግስ ቤት የተጋባዡን ስም እየጠራ ግጥም የሚያወርደው አዝማሪም በምትና በቃል ብልኃት ይኖራሉ። የእነርሱ ሥራም እዚያው ተወልዶ፣ የሚቀዳው ካልተገኘ እዚያው ያልቃል። በኋለኞቹ ዓመታት በሀገራችን ራፕ በአማርኛ ሲስፋፋ፣ ቴዲ ዮን የመሰሉ ድምፃውያን የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋሕደው አሰምተዋል።

ካሴት ለዚህ ሥልት ዋና መሣሪያ የሆነው ርካሽ ስለነበር ነው። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.አ.አ በ1963 ካሴትን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ ድምፅ መቅዳት የትላልቅ ስቱዲዮዎች ብቸኛ ሥልጣን መሆኑ ቀረ። እ.አ.አ በ1979 ደግሞ ታስካም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፆችን ለየብቻ ቀድቶ የሚያዋሕድ አነስተኛ መሣሪያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መኝታ ክፍልም ስቱዲዮ መሆን ቻለ።

እ.አ.አ በ1990ዎቹ የአሜሪካ ወጣቶች የሙከራ ቅጂያቸውን በካሴት ሠርተው ለኩባንያዎች፣ ለሬዲዮ አዘጋጆችና ለጓደኞቻቸው ያድሉ ነበር። በሎስ አንጀለስ ጉድ ላይፍ በተባለ የጤና ምግብ ቤት ከ1989 ጀምሮ በሚካሄድ ሳምንታዊ መድረክ፣ ስድብ በተከለከለበት ቤት ፍሪስታይል ፌሎሺፕን የመሰሉ ቡድኖች ተፈትነው ወጥተዋል። በኒውዮርክ ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያ ከ1990 እስከ 1998 ስትሬች አርምስትሮንግና ቦቢቶ የተባሉ አዘጋጆች የሚመሩትን የሌሊት ዝግጅት አሠራጭቷል። ኋላ ዝናቸው የገነነ ብዙ ራፐሮች ገና ሳይታወቁ በዚያ ተሰምተዋል። የዚያ ዝግጅት ድምፅ ዛሬ በብዛት የሚገኘው አድማጮች በየቤታቸው ቴፕ ከፍተው ስለቀዱት ነው። እንቅልፉን ትቶ የመቅጃውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ሳያውቀው መዝጋቢ ሆነ።

ድምፅ ከገበያ የሚቀርባቸው ሦስት መንገዶች

ብርቅ ቅጂ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አሳታሚው የሚያግደው ነው። ሌላው ከመጀመሪያው ለገበያ ያልታሰበ የቤት ቅጂ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በጥቂት ቅጂ ታትሞ ከተሸጠ በኋላ የተረሳ ነው። ለሦስቱም የታወቀ ምሳሌ አለ።

ለታገደው ቅጂ ኬ ኤም ዲ የተባለውን የኒውዮርክ ቡድን ማንሣት ይቻላል። ዘቭ ላቭ ኤክስና ሰብሮክ በተባሉ ወንድማማቾች የሚመራው ይህ ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን በ1991 አሳተመ። ሁለተኛው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ በ1993 ሰብሮክ በመኪና አደጋ ሞተ። ወንድሙ ሥራውን ጨርሶ ቢያስረክብም፣ በ1994 ኤሌክትራ የተባለው ኩባንያ የአልበሙ ሽፋን ሥዕል ውዝግብ ስላስነሣ ኅትመቱን ሰርዞ ቡድኑን አሰናበተ። አልበሙ ግን አልሞተም። ከእጅ ወደ እጅ በካሴት እየተባዛ ለዓመታት ሲደመጥ ቆይቶ፣ ከ2000 ወዲህ በሕጋዊ መንገድ ለገበያ ቀረበ። ወንድሙን የቀበረው ዘቭ ላቭ ኤክስም ኤም ኤፍ ዱም በሚል አዲስ ስም ተመልሶ፣ በ2020 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከዘመኑ ታላላቅ ራፐሮች አንዱ ለመሆን በቃ።

ለቤት ቅጂ የሚሆነው ምሳሌ ከራሳችን ቤት ይገኛል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላም መንኩሰው በወሎ ግሸን ማርያም አሥር ዓመት ያህል የኖሩ የፒያኖ ሊቅ ናቸው። እ.አ.አ በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ለችግረኞች መርጃ የታሰበ ነበር። ዓለም የሚያውቃቸው ያለ ቃል በሚናገረው ፒያኖአቸው ነው። ይሁንና እ.አ.አ ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ሲያዜሙ ድምፃቸውን ራሳቸው በካሴት ቀድተው ነበር። ስለ ሀገርና ስለ ስደት የሚያዜሙባቸው እነዚህ ቅጂዎች ለአሥርት ዓመታት ከገበያ ርቀው ቆዩ። እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ፣ እ.አ.አ በ2024 ሚሲሲፒ ሪከርድስ በተባለ አሳታሚ በኩል በአልበም ወጡ። በቅጂው ውስጥ ከመስኮት ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ይሰማሉ። ስቱዲዮ ቢሆን ኖሮ ወፎቹ ባልተሰሙ፣ ቤቱም በድምፁ ውስጥ ባልቀረ ነበር።

ታትሞ ለተረሳው ቅጂ ደግሞ ደብረ ብርሃን የተወለደው የሙዚቃ ሰው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይጠቀሳል። ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችነቱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ገናና ነበር። ባንዱ እ.አ.አ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እርሱ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ካሴቱም በሀገር ቤት ተሸጠ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እያሽከረከረ ኑሮውን ገፋ። ደንበኛ በሚጠብቅበት ጊዜ ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ቅጂ በባሕር ዳር ከተማ አገኘው። ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለ፤ በስምምነትም በ2013 ዳግም አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ በልዩ ልዩ አህጉራት መድረኮች ተመልሶ ተጫወተ፤ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ።

ይህ የሆነው ባሕር ዳር ላይ አንድ ካሴት ሳይጣል በመቆየቱ ነው። በካሴቱ ላይ የባለሙያው ስም መታተሙም እኩል ወሳኝ ነበር። ስም ባይኖረው ሰብሳቢው ማንን ብሎ ይጠይቅ ነበር?

ስም የሌለው ቅጂ

የዘር ባንክ አሠራርን ለሚያውቅ ይህ ጉዳይ አዲስ አይሆንም። አንድ የገብስ ወይም የማሽላ ዘር ወደ ባንክ ሲገባ ከየት ወረዳና ከየትኛው ከፍታ፣ መቼና ከማን እጅ እንደተወሰደ አብሮት ይመዘገባል። መዝገብ የሌለው ዘር ቢበቅልም ድርቅ የሚችል ይሁን ውርጭ የለመደ ስለማይታወቅ ለተመራማሪው ጥቅሙ እጅግ ያንሳል።

ድምፅም እንደዚሁ ነው። አንድ ካሴት ውስጥ ግሩም የማሲንቆ ጨዋታ ቢገኝ፣ ተጫዋቹ ማን እንደሆነ፣ በየት ሀገርና በማን ሠርግ እንደተጫወተ ካልታወቀ የዜማውን መንገድ መከተል አይቻልም። ባለመብቱንም ማግኘት አይቻልም። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዛሬ በ1990ዎቹ የሂፕ ሆፕ ካሴቶች ላይ የሚደክሙት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ላይ የቅጽል ስም ብቻ የተጻፈበት፣ ወይም ከነጭራሹ ያልተጻፈበት ቅጂ ብዙ ነው። ኮርኔል የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.አ.አ በ2007 የሂፕ ሆፕ ክምችቱን ሲያቋቁም ከድምፅ ቅጂዎች ጋር የድግስ ማስታወቂያ ወረቀቶችንና ፎቶግራፎችን አብሮ መሰብሰቡ ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀቱ ቀኑን ይናገራል፤ ፎቶግራፉ ሰውየውን ያሳያል።

ካሴት እንዴት ይሞታል?

ካሴት በውስጡ ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይዟል። በጥብጣቡ ላይ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በማጣበቂያ ተለብጧል፤ ድምፁ የሚቀመጠው በዚህ ብናኝ ላይ በማግኔት ኃይል ነው። በሁለቱም ገጽ በድምሩ 60 ደቂቃ የሚይዝ ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ስለሚሮጥ ጥብጣቡ ወደ 86 ሜትር ይረዝማል። ስፋቱ ግን አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ይህን ያህል ስስ ነገር ለጉዳት ቅርብ ነው።

የመጀመሪያው ጠላቱ እርጥበት ነው። አርሶ አደሩ በሚገባ ያልደረቀ እህል ጎተራ ቢያስገባ እንደሚሻግትበት ሁሉ፣ በእርጥብ ቤት የተቀመጠ ካሴትም ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ያወጣል፤ ማጣበቂያውም እየላላ ብናኙ ይረግፋል። ሙቀት ጥብጣቡን ያጣምማል። አቧራ የማጫወቻውን ጭንቅላት ያቆሽሻል፤ ጥብጣቡንም ይፍቃል። ከትልቅ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ያለው የማግኔት ኃይልም ቅጂውን ሊያደክም ይችላል።

በገጠር ቤት አንድ ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ለዘር የተመረጠ በቆሎ ወይም ማሽላ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ከነቀዝ ይተርፋል። ካሴት ግን በዚያ ቦታ ቢቀመጥ ሙቀቱና ጥላሸቱ ተባብረው ያጠፉታል። ዘርን የሚያድነው ቦታ ድምፅን ይገድላል።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት ግን በሰው እጅ የሚደርሰው ነው። ባዶ ካሴት ውድ በነበረበት ዘመን በአሮጌው ላይ አዲስ መቅዳት የተለመደ ነበር። የአባት ቀረርቶ በዚህ መንገድ በሬዲዮ ዘፈን ተተክቶ የቀረበት ቤት ጥቂት አይሆንም።

ሌላው ችግር ማጫወቻው ነው። ደኅና ካሴት ቢኖርም የሚሠራ ቴፕ ከሌለ ድምፁ እንደተቆለፈ ይቀራል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር በ2019 በጋራ ባወጡት ማሳሰቢያ፣ የማጫወቻ መሣሪያና የመለዋወጫ እጥረት እየባሰ ስለሚሄድ በጥብጣብ ላይ ያለ ቅርስ እስከ 2025 ድረስ ወደ ዲጂታል እንዲዛወር አስጠንቅቀው ነበር። ያ ቀነ ገደብ ደርሷል። ዛሬም በየከተማው ጥቂት የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኞች አሉ፤ ሙያው ግን ተተኪ እያጣ ነው።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

በመጀመሪያ ካሴቶችን መለየት ያስፈልጋል። ከገበያ የተገዛውን ወደ አንድ ወገን፣ በቤት የተቀዳውን ወደ ሌላ ወገን ማድረግ ነው። መቅደም ያለበት በቤት የተቀዳው ነው። በካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር በላዩ ላይ በስሕተት እንዳይቀዳበት ይከላከላል።

ቀጥሎ ካሴቱን መመርመር ይገባል። ሻጋታ የሚታይበትን ማጫወቻ ውስጥ ማስገባት ጥብጣቡንም መሣሪያውንም ይጎዳልና ለባለሙያ ማቆየት ይሻላል። ደኅና የሚመስለውን ደግሞ በእርሳስ ወይም ባለማዕዘን እስክሪብቶ ጥርሱን ይዞ ቀስ እያሉ በማዞር ጥብጣቡ አለመጣበቁን ማየት ይቻላል። ቅርፊቱ የተሰበረ እንደሆነ፣ ጥብጣቡን በብሎን ወደሚፈታ ሌላ ካሴት ቅርፊት ማዛወር ጠጋኞች የሚያውቁት ሥራ ነው።

ከማጫወት በፊት የቴፑን ጭንቅላትና የጎማ መንኮራኩር በጥጥና በትንሽ አልኮል ጠርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር የድምፅ መግቢያ ገመድ ዘርግቶ መቅዳት ይቻላል። ድምፁ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጥቂት ሞክሮ ልኩን ማግኘት ይገባል። ኮምፒዩተርና ገመድ ለማያገኝ ሰው፣ ፀጥ ባለ ክፍል ስልክን ከድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጦ መቅዳት ጥራቱ ቢያንስም ከምንም ይሻላል።

የፋይሉ ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። ዌቭ የተባለው ዓይነት ድምፁን ሳይቀንስ ያስቀምጣል፤ በሲዲ ጥራት የአንድ ሰዓት ቅጂ 635 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። ኤም ፒ ስሪ ግን ከድምፁ የተወሰነውን ቆርጦ ስለሚያስቀር፣ በተለመደው አነስተኛ ጥራት ያው አንድ ሰዓት ከ60 ሜጋ ባይት በታች ይሆናል። ልዩነቱ የዘርና የዱቄት ያህል ነው። ዱቄት ለዕለት ምግብ ይመቻል፤ ይሁንና አይዘራም። ስለዚህ ዋናውን በዌቭ አስቀምጦ፣ ለጓደኛ በቴሌግራም የሚላከውን በኤም ፒ ስሪ ማድረግ ይመከራል።

ቅጂውን በአንድ ቦታ ብቻ ማኖር አደጋ አለው። ስልክ ይጠፋል፤ ፍላሽ ይበላሻል። አንዱን በቤት፣ አንዱን በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ዘንድ፣ ሌላውን በኮምፒዩተር ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ማኖር ይገባል። የመጀመሪያው ካሴትም ተቀድቷል ተብሎ መጣል የለበትም። ወደ መጀመሪያው ተጠንጥኖ፣ በማቀፊያው ውስጥ ቆሞ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ቦታ ይቀመጥ።

በመጨረሻም መዝገቡ ይጻፍ። ዘፋኙ ወይም ተጫዋቹ ማን ነው? መሣሪያው ምንድን ነው? የት፣ መቼና በምን ምክንያት ተቀዳ? ማንስ ቀዳው? ትክክለኛው ቀን ካልታወቀ፣ የእገሌ ሠርግ ሰሞን ወይም ያ ድርቅ በሆነ ዓመት ብሎ መጻፍም ይረዳል። ድምፁን የሚለይ ሽማግሌ በሕይወት ካለ እርሱን አስቀምጦ ማስደመጥ፣ የሚናገረውንም መቅዳት ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው። ካሴቱ ጥቂት ዓመት ይጠብቅ ይሆናል፤ ድምፁን የሚያውቀው ሰው ግን ላይጠብቅ ይችላል።

ካሴቱ የእኔ ነው፤ ድምፁስ የማን ነው?

የብርቅ ቅጂዎች ፈላጊ ሲበዛ የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣል። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ደግሞ ፈላጊው በዝቷል። እ.አ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ መታተም የጀመረውና በፍራንሲስ ፋልሴቶ የተዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተሰኘው ተከታታይ ስብስብ የቀድሞዎቹን የኢትዮጵያ ሸክላዎች ለዓለም ካዳረሰ በኋላ፣ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች ከእነዚህ ቅጂዎች ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ ለአዲስ ሥራ መነሻ አድርገዋቸዋል። ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ አቀናባሪ እ.አ.አ በ2009 ያወጣውን አንድ አልበም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ቁራጮች ላይ መሥርቶ ሠርቷል። በ2010 ናስ የተባለው የኒውዮርክ ራፐርና ዴሚየን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ መሠረት ሆኖ ይሰማል። በካሴት ያደገው ሂፕ ሆፕ ዞሮ የእኛን አሮጌ ቅጂዎች ፈላጊ ሆነ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በሕጉ መሠረት ካሴቱን መያዝ የድምፁ ባለመብት አያደርግም። የግጥሙና የዜማው መብት የደራሲው ሲሆን፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠበቃል። ተጫዋቹና ድምፁን የቀረጸውም የየራሳቸው የ50 ዓመት ጥበቃ አላቸው። መብቱ የሚመነጨው ሥራው ከተፈጠረና ከተቀረጸ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባ ለማስረጃ ቢጠቅምም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ የሠፈር ወጣት በቤት ቴፕ የዘፈነውም በሕግ ፊት ባለመብት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የሌላ ሰው ድምፅ ያለበትን ካሴት ያገኘ ሰው፣ ባለቤቱን ወይም ወራሾቹን ሳያስፈቅድ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ሊጭነው፣ ሊሸጠውም አይገባም። የራሱ ወይም የወላጁ ድምፅ ያለበት ካሴት ያለው ሰው ደግሞ ለገዥ ከመስጠቱ በፊት የሚፈርመውን ውል አስነብቦ ሊረዳ ይገባል። ካሴቱን መሸጥና መብቱን መሸጥ የተለያዩ ናቸው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በዚህ ረገድ ማብራሪያ የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት ነው።

ቅጂውን ለትውልድ ማቆየት የሚሻ ሰው ወደ ተቋም መሄድም ይችላል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ባህል ነክ ሰነዶችን ያሰባስባል። ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም፣ በቀድሞ ስሙ ወመዘክር፣ የሀገር ሰነድ የሚቆይበት ቤት ነው። በክልሉ ያለ ሰው ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ካለ ዩኒቨርሲቲ ቢጀምር መንገዱ ያጥርለታል። ቅጂ ሲያስረክብም ማን ሊያዳምጠው፣ ማንስ ሊያባዛው እንደሚችል በጽሑፍ ቢያስቀምጥ መብቱን ያስከብራል።

የኬ ኤም ዲ ካሴት፣ የእማሆይ የቤት ቅጂ፣ ባሕር ዳር የተገኘው የኃይሉ መርጊያ ካሴት፣ ሦስቱም ጨርሰው ሊጠፉ የሚችሉባቸው ብዙ ቀኖች ነበሩ። በእነዚያ ቀኖች ሁሉ አንድ ሰው ሳይጥላቸው ቀርቷል። በጉለሌም ሆነ በገጠር ያለ አንባቢ በዚህ ሳምንት የቤቱን ካሴቶች አውጥቶ በቤት የተቀዱትን ቢለይ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስምና ቦታ ቢጽፍ፣ ሥራው እኩሌታው ተጠናቀቀ ማለት ነው። የቀረው የሚሠራ ቴፕና የአንድ ከሰዓት ትዕግሥት ነው።